ስለ አክስል ጥገናና ስለ ካምቢዮ ጥበቃ የተሰጠ ትምህርት

ለክቡራን አገር ገዥዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች

በአገራችን የእርሻ ሚኒስቴር የተቋቋመው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌ በረሓውን አቋርጦ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ያስገባውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነበረ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት የተገናኙት ሳይታሰብ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ እርሻና መኪና እየተቀራረቡ ሄደው ዛሬ አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን ሊፈጽም የማይችልበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከመጋዘን ወደ ቀበሌ፣ የከብት መድኃኒት ከከተማ ወደ ገጠር፣ የእርሻ ባለሙያውም ከወረዳ ወደ ማሳ የሚደርሰው በመኪና ነው። በ2012 ዓ.ም. የበረሓ አንበጣ በተነሣ ጊዜ መንጋው ያደረበትን ቦታ ፈልጎ ለማግኘትና መድኃኒት ለመርጨት ደኅና መኪና ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በየአውራጃው የታየ ነገር ነው። ስለዚህ የአንድ ወረዳ መኪና በሰኔ ወር ቆመ ማለት የብዙ ገበሬ ዘር ዘገየ ማለት ነው።

ዛሬ የምንሰጠው ትምህርት ሲያዩት ጠባብ የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ የሥራ ቀን የሚያስጠፋ ጉዳይ ነው። ይኸውም የመኪና አክስል ከተጠገነ በኋላ ካምቢዮ የሚበላሽበት ምክንያትና ይህ እንዳይደርስ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ ነው። ነገሩን በአጭሩ ለመናገር፣ አክስል ወጥቶ ሲገባ የካምቢዮው በር ይከፈታል። በሩን የከፈተው ሰው በሚገባ ዘግቶ የፈሰሰውንም ዘይት ተክቶ ካልሄደ፣ የተጠገነው አክስል ደኅና ሆኖ ሳለ ማንም ያልጠረጠረው ካምቢዮ ይጠፋል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ቁልፍ ይዘው ከመኪና ሥር እንዲገቡ አንጠይቅም። ነገር ግን የጥገናውን ገንዘብ ፈቅደው የሚፈርሙት፣ መኪናው መቼ እንዲወጣ የሚያዙት እነርሱ ስለ ሆኑ፣ ከመፈረማቸው በፊት ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ማወቅ ይገባቸዋል።

1ኛ. ትምህርቱን በሲ.ኤም.ሲ. መንገድ የምንጀምርበት ምክንያት

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ በኩል፣ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ሲ.ኤም.ሲ. የሚባለው ሠፈር ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣልያን የሥራ ተቋራጭ ማኅበር ነው። ከመገናኛ በጉርድ ሾላ አድርጎ ወደ አያት የሚወስደው ሰፊ መንገድ በዚህ ሠፈር ያልፋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማው ባቡር በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ከዚህ ወደ ሰሜን ቢያቀኑ ኮተቤና የካራ አቀበት ይገኛሉ። ከዚያም በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበርን አልፎም ወደ ወሎ የሚወስደው ትልቁ የሰሜን መንገድ ይቀጥላል።

እንግዲህ ከሰሜን ሸዋና ከወሎ የሚመጣ የመሥሪያ ቤት መኪና ወደ ዋና ከተማው የሚገባው በዚህ በር ነው። ለጉዳይ መጥቶ ሳለ አክስሉ ቢንኳኳ በከተማው ጋራዥ ያስጠግናል፤ ሲመለስም በዚያው በር ይወጣል። ከጋራዥ የወጣ መኪና በሲ.ኤም.ሲ. ሰፊ መንገድ ላይ ሲሄድ ምንም እንከን የሌለበት ይመስላል፤ መንገዱ ለስላሳ፣ ጭነቱም ጥቂት ነውና። ጥገናው በእውነት የሚፈተነው ግን ዘርና ማዳበሪያ ተጭኖበት የካራን አቀበት መውጣት ሲጀምር ነው።

የከፍታውም ነገር መታሰብ አለበት። ይህ ሠፈር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ አየር መግፊያ ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ኃይሉ ይቀንሳል። ወደ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ከፍታው ይጨምራል፤ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሞተሩ ሲደክም ሾፌሩ በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ ረጅም ጊዜ ይጓዛል። በዝቅተኛ ማርሽ ሲኬድ ደግሞ በአክስሉና በካምቢዮው ጥርሶች ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሁሉ የበለጠ ይሆናል፤ ዘይቱም አብዝቶ ይግላል። ስለዚህ በሜዳ አገር ለብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚቆይ ጉድለት በእኛ አገር ተራራ ላይ ፈጥኖ ይገለጣል።

2ኛ. ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና አክስል ምን ሥራ እንዳላቸው

ካምቢዮ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ኃይሉን የሚያበዛ የጥርስ ሳጥን ነው። በአንድ ትንሽ አውቶሞቢል የ1ኛው ማርሽ ልክ 3.5፣ የመጨረሻው የዲፈረንሻል ጥርስ ልክ ደግሞ 4 ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 14 ይሆናሉ። ይህም ማለት ሞተሩ 14 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር የመጠምዘዙም ኃይል 14 ጊዜ ይበዛል ማለት ነው። አክስል የሚባለው ዘንግ ይህን የበዛ ኃይል ተሸክሞ ለጎማው ያደርሳል።

ዲፈረንሻልን ለማስረዳት ከጥማድ በሬ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ገበሬው ከትልሙ ጫፍ ደርሶ በሬዎቹን ሲመልስ፣ በውስጥ በኩል ያለው በሬ ቁሞ የቀረ ያህል በቀስታ ይረግጣል፤ በውጭ በኩል ያለው ግን ሰፊ ክብ ዞሮ ይራመዳል። ቀንበሩ መካከሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ስለ ታሰረ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ አይሰበርም። መኪናም ሲታጠፍ የውስጡ ጎማ ጥቂት፣ የውጭው ጎማ ብዙ መዞር አለበት። ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች ቀንበር ሆኖ ይህን ልዩነት ያስታርቃል፤ ለሁለቱም እኩል ኃይል ያካፍላል። ይህን ምሳሌ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በ4ኛው ክፍል ያስፈልገናልና።

በብዙዎቹ ትናንሽ አውቶሞቢሎች የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ናቸው። በእነዚህም መኪናዎች ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው አንድ ዘይት ይጠጣሉ። ሁለቱ አክስሎች ከሳጥኑ ግራና ቀኝ ይገባሉ፤ በየመግቢያው ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግድ አንድ አንድ ጎሚኒ አለ። እንግዲህ አክስሉን መንቀል የካምቢዮውን ሳጥን መክፈት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዘመን ባመጣቸው በኤሌክትሪክ በሚሄዱት መኪናዎችም ቢሆን ብዙ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ባይኖርም ፍጥነት መቀነሻ ጥርስ፣ ዲፈረንሻል፣ አክስልና የጥርስ ዘይት ስላለ ጥንቃቄው አንድ ነው።

3ኛ. የአክስል ጥገና ካምቢዮን የሚጎዳባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ዘይት ሳይተካ መቅረቱ ነው። አክስሉ ሲነቀል ዘይት ይፈሳል። የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ማኑዋል ካምቢዮ የሚይዘው ዘይት ወደ 2 ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ግማሽ ሊትር ቢፈስ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። የሞተር ዘይት ግፊቱ ሲወድቅ በሾፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል፤ ለማኑዋል ካምቢዮ ግን በብዙዎቹ መኪናዎች እንዲህ ያለ አስጠንቃቂ የለም። ዘይት ሲያንስ ከላይ ያሉት ኩሽኔታዎችና ጥርሶች መጀመሪያ ይደርቃሉ፤ ይግላሉ፤ ይፋጫሉ፤ የተፋጨውም የብረት ብናኝ ከቀረው ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ደኅናውን ጥርስ ሁሉ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ በግፊቱ ማርሹን የሚይዘውም እርሱ ነው። ዘይቱ ሲጎድል የዘይት ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ፤ ተንሸራተውም ይቃጠላሉ።

ሁለተኛው መንገድ የጎሚኒው መቀደድ ነው። የአክስሉ ጫፍ የተሳለ ጥርስ አለው። መካኒኩ አክስሉን አጣምሞ ሲያስገባ ጥርሱ የጎሚኒውን ከንፈር ይቆርጠዋል። ያረጀ ጎሚኒም አክስሉ ሳይነካ ሳለ ዘይት ይዞ ቆይቶ፣ አዲስ አክስል ሲገባበት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ጠብታ ተብሎ እንዳይናቅ ሒሳቡን እንቁጠር። በደቂቃ 6 ጠብታ ቢወርድ፣ 20 ጠብታም 1 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ በአንድ ሰዓት 18 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት 432 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሁለት ቀን የሚወጣው 864 ሚሊ ሊትር ነው፤ 2 ሊትር ከሚይዘው ካምቢዮ ግማሹ ሊሄድ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። የካምቢዮው መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ እንደ ሆነም ሲግል በውስጡ የሚታመቀው አየር ዘይቱን በአዲሱ ጎሚኒ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ በክረምት መንገድ የሚሄድ መኪና መተንፈሻው ሊጠረግለት ይገባል።

ሦስተኛው መንገድ አክስሉ እስከ መጨረሻው ሳይገባ መቅረቱ ነው። በብዙ መኪናዎች በአክስሉ ጫፍ ላይ ቀጭን የሽቦ ቀለበት አለች፤ አክስሉ በትክክል ሲገባ ቀለበቷ በስፍራዋ ትከፈትና ትይዘዋለች። መካኒኩ ቸኩሎ ግማሽ አግብቶ ቢተወው፣ ወይም አሮጌዋን የተጣመመች ቀለበት መልሶ ቢያስገባት፣ አክስሉ መንገድ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይሸሻል። ያን ጊዜ ኃይሉን የሚሸከመው የጥርሱ ጫፍ ብቻ ይሆናል፤ በአቀበትም ላይ ጥርሱ ይላጣል።

አራተኛው መንገድ የማይስማማ አክስል መግጠም ነው። የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ስም መኪና እንኳ ቢሆን በሞተሩና በካምቢዮው ዓይነት አክስሉ ይለያያል። ከልኩ የረዘመው መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ዲፈረንሻሉን ይወጋል፤ ከልኩ ያጠረው ጎማው ሲንጠለጠል ከስፍራው ይወጣል። ስለዚህ አዲሱና አሮጌው አክስል ጎን ለጎን ተጋድመው ርዝመታቸው ሊለካ፣ ጥርሳቸውም ሊቆጠር ይገባል።

አምስተኛው መንገድ በጉልበት መሥራት ነው። አክስሉን ከመካከሉ ይዞ መጎተት የውስጡን መገጣጠሚያ ያለያያል። ጫፉን በመዶሻ መምታት የዳዶውን ጥርስ ያበላሻል፤ ምቱንም ወደ ዲፈረንሻሉ ያስተላልፋል። በአንዳንድ መኪናዎች ደግሞ ሁለቱን አክስሎች በአንድ ጊዜ መንቀል በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጥርሶች ከስፍራቸው ያወርዳቸዋል፤ ያን ጊዜ ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ይሆናል።

ስድስተኛው መንገድ ዓይነቱ ያልሆነ ዘይት መጨመር ነው። የማኑዋል ዘይት ለአውቶማቲክ አይሆንም፤ ተራው የአውቶማቲክ ዘይትም በሰንሰለታዊ ቀበቶ ለሚሠራው ማርሽ አልባ አውቶማቲክ አይሆንም። ዓይነቱ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏልና ያንን አይቶ መግዛት ነው።

4ኛ. ካምቢዮ በሐሰት ስለሚከሰስበት ነገር

አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንድ የወረዳ አውቶሞቢል በከተማው አክስሉ ተቀይሮለት ከሲ.ኤም.ሲ. ተነሣ እንበል። ካራ አቀበት መካከል ሲደርስ ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ማርሽም ይገባል፤ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም። ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። የመጣው ሰው ሁሉ «ካምቢዮው ሞቷል» ይላል፤ አዲስ ካምቢዮ ይገዛ ተብሎም ወረቀት ይጻፋል።

እዚህ ላይ የበሬውን ምሳሌ ማስታወስ ይገባል። ከጥማዱ አንዱ በሬ ማነቆው ወልቆ ከቀንበሩ ቢወጣ፣ የቀረው በሬ የፈለገውን ያህል ብርቱ ቢሆን ማረሻውን ሊስብ አይችልም፤ ቀንበሩ በምራኑ ላይ ይዞራል እንጂ ሞፈሩ አይሄድም። ዲፈረንሻልም እንዲሁ ነው። አንዱ አክስል ከጥርሱ ሸሽቶ ቢወጣ ኃይሉ ሁሉ በባዶው በኩል ይዞራል፤ ደኅናውም ጎማ አይጎትትም። እንግዲህ በዚህ መኪና የጠፋው ካምቢዮው ላይሆን ይችላል። ምናልባት የጠፋው አንዲት የሽቦ ቀለበት ነው።

ስለዚህ ካምቢዮ እንዲወርድ ከመፈቀዱ በፊት ሦስት ነገሮች ይመርመሩ። አንደኛ፣ የግራውና የቀኙ አክስል ከካምቢዮው ሳጥን ጋር የሚገናኙበት ቦታ ይታይ፤ አንደኛው በፋብሪካው ከተወሰነው ልክ በላይ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል። ሁለተኛ፣ የካምቢዮው ዘይት መጠን ይለካ፤ መልኩና ሽታውም ይታይ። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነና ብረት ከሌለበት ካምቢዮው በሕይወት አለ ብሎ ተስፋ ማድረግ ይገባል፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ወይም እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከታየበት ጉዳቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሦስተኛ፣ መኪናው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ተነሥቶ ማርሽ ሲገባ የትኛው ክፍል እንደሚዞርና የትኛው እንደሚቆም ይታይ። ይህን የመጨረሻውን ፈተና መካኒክ ያድርገው እንጂ ሾፌር ብቻውን በክሪክ አንሥቶ አይሞክረው፤ ለሕይወት ያሰጋልና።

በዚህ ምርመራ አክስሉ ሸሽቶ ከተገኘና ጥርሱ ካልተላጠ፣ አዲስ ቀለበትና አዲስ ጎሚኒ ገብቶለት ዘይቱ ሲሞላ መኪናው መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። የዚህ ዋጋና የካምቢዮ ዋጋ የሚወዳደር አይደለም።

5ኛ. ስለ ጭነት መኪናና በአራት ጎማ ስለሚጎትት መኪና

በጭነት መኪናና በብዙዎቹ የገጠር ፒክ አፖች የሚገፋው የኋላው እግር ነው፤ ካምቢዮው ከፊት፣ ዲፈረንሻሉ ከኋላ ሆኖ በመካከላቸው ረጅም የማስተላለፊያ ዘንግ አለ። በዚህ አሠራር የኋላ አክስል ሲጠገን የካምቢዮው ሳጥን አይከፈትም፤ ይሁን እንጂ ጉዳቱ በሌላ መንገድ ይደርሳል። የኋላው አክስል ከስፍራው ተነቅሎ ሲመለስ ባሌስትራው ላይ በትክክል ካልተቀመጠ፣ ወይም ዘንጉ ሲገጠም ቀድሞ ከነበረበት ምልክት ዞሮ ከታሰረ፣ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡም የካምቢዮውን የኋላ ኩሽኔታና ጎሚኒ ይመታል፤ ጎሚኒው ሲላላ ዘይቱ ይወጣል፤ ካምቢዮውም በመጨረሻ ይደርቃል።

የተሰበረ አክስል በብየዳ ቀጥሎ መጠቀም ከቶ አይገባም። የአክስል ብረት በእሳት ተቀቅሎ የጠነከረ ነው፤ ብየዳ ሲነካው ያ ጥንካሬ ይጠፋል። የተበየደ አክስል በዓባይ በረሓ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ ጭነት ተሸክሞ ቢሰበር ጉዳቱ ከዕቃ አልፎ ለሰው ይተርፋል። አክስል ሲሰበርም ስባሪው ሁሉ ተለቅሞ መውጣት አለበት። በዲፈረንሻሉ ውስጥ የቀረች አንዲት ስባሪ በጥርሶቹ መካከል ገብታ ኮሮናውንና ፒኞኑን ትሰብራለች።

በአራት ጎማ የሚጎትት መኪና ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ጥርስ ልክ አንድ መሆን አለበት። አንደኛው ተበላሽቶ ከሌላ መኪና በተወሰደ፣ ልኩ በተለየ ዲፈረንሻል ቢተካ፣ አራቱ ጎማ በአንድነት እንዲጎትት በተደረገ ጊዜ የፊቱና የኋላው እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፤ በመካከል ያለው የኃይል ማከፋፈያ ሳጥንም ይፈርሳል። መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች መግጠምም ይህንኑ ያስከትላል። ሾፌሮችም ለጭቃ የተሠራውን የአራት ጎማ ጉተታ በደረቅ አስፋልት ላይ እንዳይጠቀሙበት ሊነገራቸው ይገባል።

6ኛ. በመንገድ ላይ የሚታዩ ምልክቶችና ሾፌር ሊያደርገው የሚገባ

ጧት መኪናው ካደረበት ቦታ ሲነሣ መሬቱ ይታይ። የዘይት ነጠብጣብ በፊት ጎማዎቹ ውስጠኛ በኩል ከተገኘ የጎሚኒው ምልክት ነው። መኪናው ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የአክስሉ የውጭ መገጣጠሚያ ማለቁን ያመለክታል፤ ነዳጅ ሲረገጥ መንቀጥቀጥ የውስጡን መገጣጠሚያ ያጠራጥራል። ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ የማያቋርጥ እንዝርት የመሰለ ድምፅ ግን ከኩሽኔታ ወይም ከካምቢዮው ጥርስ የሚመጣ ነው። አውቶማቲክ መኪና ማርሽ ገብቶ ዘግይቶ ቢነሣ፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ባይጨምር፣ የዘይት ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መቆም ይገባል።

መኪናውን መጎተት አስፈላጊ ቢሆን፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና የሚጎትቱት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ አይጎተት። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ ስለማይሠራ ጥርሶቹ ያለ ዘይት ይዞራሉ። የጭነት መኪናም ቢሆን ረጅም መንገድ ሲጎተት የማስተላለፊያው ዘንግ ወይም አክስሎቹ ተፈትተው መሆን አለበት። በአቀበት ላይ ከጥፋት የተረፈ ካምቢዮ በመጎተት ምክንያት ሊጠፋ እንደሚችል ይታወቅ።

7ኛ. መኪና ከጋራዥ ሲወጣ ስለሚፈረምበት ወረቀት

ከጣልያንኛ የወረስነው የጋራዥ ቋንቋ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ የሚለው ሁሉ፣ ለመካኒኮቻችን የለመደ ነው። ነገር ግን በደረሰኝ ላይ «አክስል ተሠርቷል» የሚል አንድ መሥመር ብቻ ሲጻፍ፣ የግራው ይሁን የቀኙ፣ ሙሉው ይሁን መገጣጠሚያው፣ ጎሚኒውም ይለወጥ አይለወጥ ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የአክስል ጥገና የሚከተለው በጽሑፍ እንዲሞላና መካኒኩ፣ ሾፌሩና የንብረት ኃላፊው እንዲፈርሙበት እንመክራለን።

አንደኛ፣ የተነቀለው የግራው ወይም የቀኙ አክስል መሆኑና የተነቀለበት ምክንያት። ሁለተኛ፣ አሮጌው ዕቃ ለንብረት ክፍሉ መመለሱ። ሦስተኛ፣ የአዲሱና የአሮጌው ርዝመትና የጥርስ ቍጥር ተመዛዝኖ አንድ መሆኑ። አራተኛ፣ የዘይት ማገጃው ጎሚኒና የሽቦ ቀለበቷ በአዲስ መተካታቸው። አምስተኛ፣ የተጨመረው ዘይት ዓይነትና በሊትር መጠኑ፤ ከተጨመረ በኋላም ልኩ መታየቱ። ስድስተኛ፣ የጎማው ማዕከል ዳዶ በፋብሪካው ልክ፣ ኃይል በሚለካ ቁልፍ መጥበቁ። ሰባተኛ፣ መኪናው በሜዳና በአቀበት ተሞክሮ ከተመለሰ በኋላ ከሥሩ ታይቶ ደረቅ መሆኑ። ስምንተኛ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ጎሚኒውና ዘይቱ እንደገና የሚታይበት ቀን።

ከእነዚህ ሁሉ አምስተኛው ዋነኛው ነው። የጋራዡ ሰው «ስንት ሊትር ጨመርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ቍጥር መመለስ ካልቻለ መኪናው ገና አልተጠገነም።

8ኛ. ስለ ሹማምንት ኃላፊነት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ዕድሜያቸው እንዲረዝም መጠንቀቅ የቀድሞውን ያህል ብቻ ሊሆን አይገባም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ አገር ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲቈጠር ዋጋው ወጥቷል። ስለዚህ ባለመጠንቀቅ የጠፋ አንድ ካምቢዮ ለብዙ ወር የወረዳውን የጥገና በጀት ሊበላ ይችላል።

ጥንቃቄውም ከጋራዡ ይልቅ በሹሙ ትእዛዝ ይጀምራል። «መኪናው ዛሬውኑ ይውጣ» ተብሎ ሲታዘዝ መካኒኩ የሚያስቀረው አክስሉን መግጠም አይደለም፤ የሚያስቀረው ለዐይን የማይታየውን ዘይት መለካትና በአቀበት መሞከር ነው። እንዲህ በችኮላ የተገኘ አንድ ቀን በኋላ ብዙ ሳምንት ያስከፍላል። እንደዚሁም ሾፌር «ከመኪናው ሥር ዘይት አየሁ» ብሎ ሲያመለክት «ግድ የለም፣ ንዳ» ብሎ መመለስ ይቅር። እንዲህ የተመለሰ ሾፌር ሁለተኛ ጊዜ አያመለክትም፤ ጠብታውም በዝምታ ሥራውን ይሠራል። ያመለከተ ሾፌር ሊመሰገን፣ ያመለከተበት ቀንና ሰዓትም በመዝገብ ሊጻፍለት ይገባል። የራሳቸው ትራክተርና የጭነት መኪና ያላቸው ባለ እርሻዎችም ይህንኑ ሥርዓት በቤታቸው ቢያቆሙ የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው።

የጥገናው ጊዜም ከእርሻው ወራት ጋር ይስማማ። መኪናዎች በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናሙ ሳይበረታና ዘር ሳይጓጓዝ፣ አክስላቸውና ጎሚኒያቸው ቢታይ፣ በሰኔና በሐምሌ መንገድ ላይ ከመቆም ይድናሉ። አባቶቻችን በቅሎ ከመጫናቸው በፊት መጫኛውንና ጀርባዋን ይዳብሱ እንደ ነበር፣ እኛም መኪናውን ከመጫናችን በፊት ሥሩን ጐንበስ ብለን እንይ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ አክስል በተነካ ጊዜ ሁሉ የካምቢዮው ዘይት ይለካ፣ ጎሚኒውም ይለወጥ። በየአውራጃውና በየወረዳው የንብረት ኃላፊ የሆኑ ሁሉ ይህን ትምህርት ለሾፌሮቻቸው አንብበው እንዲያስረዱ፣ በ7ኛው ክፍል የተዘረዘሩትንም ስምንት ነገሮች በወረቀት ጽፈው በየመኪናው ውስጥ እንዲያኖሩ በማክበር እናሳስባለን።